«አንድ ጭረት አልነካኝም» ያልኩበት የአውሮፕላን አደጋ

ይህን የምጽፈው ወድቆ ለተነሣ፣ ልብሱን አራግፎ «ደህና ነኝ» ብሎ ወደ ቤቱ ለሄደ ሰው ነው። በተለይ ፀጉሩ ለሸበተ። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ሐኪሞቹን ጠይቄ፣ የሰጡኝን ወረቀት በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ አንብቤ ነው የምናገረው። ሁለት ቦታ የተቀደደ ጭንቅላት ይዤ ይህን ሁሉ መጻፌንም አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አንጁሎ እባላለሁ። በሶዶና በአካባቢው የእህል ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀኛል። ከቦምቤ እስከ ሁምቦ ቆላ ድረስ እኔ ነክቼው ያልተነሣ ወፍጮ ካለ ባለቤቱ ይምጣና ይናገር። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ነው። የናፍጣ ሞተር የተማርኩት ደግሞ አንድ ፈረንጅ ጥሎት ከሄደ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ሥዕሉን እያየሁ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈታሁ። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ የወጡ መሐንዲሶች ሞተር ሲያስቸግራቸው «ጋሽ አንጁሎ፣ እስቲ ይስሙልን» ብለው ስልካቸውን ከሞተሩ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ሶዶ ተቀምጬ ኩሽኔታው ይሁን ቺንጋው እነግራቸዋለሁ።

በሥራዬ አንድ ሕግ አለኝ። ወፍጮ አይዋሽም፤ ባለወፍጮ ግን ይዋሻል። ስለዚህ ብረት ከመንካቴ በፊት «ምን ገባበት?» ብዬ ሦስት ጊዜ እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ጥያቄ የሚመልስልኝ የሰውየው እፍረት ነው። በሁለተኛው ሰበቡ ይመልሳል። በሦስተኛው ሰውየው ራሱ። ይህን ሕግ ያዙልኝ፤ ዞሮ እኔኑ አግኝቶኛል።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ላይ፣ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በኦሞ በኩል ቆላ ውስጥ የውሃ ፓምፕ ቆሞበት ላከብኝ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት ስለነበር በትንሽ አውሮፕላን ወሰዱኝ። ፓምፑን በአንድ ቀን ተኩል አስነሣሁት። ከእኔ በፊት የመጣው ባለሙያ ሳምንት ታግሎ ትቶት ነበር፤ ይህን እግረ መንገዴን ነው የምነግራችሁ።

ስንመለስ አራት ነበርን። አብራሪው ካፒቴን ሳሙኤል የሚባል ዝምተኛ ወጣት ነው። ከጎኑ እኔ ተቀመጥኩ። ከኋላችን ሲስተር ትዕግሥት የምትባል ነርስና አንድ የድርጅቱ ሠራተኛ ነበሩ። ሶዶ ስንደርስ ዳሞታ የለም። ተራራው እንዳለ ደመና ውስጥ ገብቷል፤ ዝናቡ መስታወቱን ይደበድበዋል። ካፒቴኑ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ ሞከረ፤ ሜዳው ስላልታየው ተመልሶ ወጣ። ከኋላዬ የሲስተር ትዕግሥት ጸሎት ብቻ ይሰማኛል።

እንግዲህ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ዳሞታን ከሥሩ ሆኜ ሳየው የኖርኩ ሰው ነኝ። ደመናው በየት በኩል እንደሚገለጥ አውቃለሁ። በሁለተኛው ዙር ስንወርድ፣ በአንዲት ስንጥቅ፣ ከማረፊያው ሜዳ ዳር ያሉትን ባሕር ዛፎች አየኋቸው። በኢሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሾፌር አጠገብ ተቀምጦ፣ በጉም መንገድ እየመራ ያረጀ ሰው ምን ያደርጋል? ቀበቶዬን ፈታሁ። ከወንበሬ ብድግ ብዬ እጄን በካፒቴኑ ፊት ዘረጋሁና «ያውና፣ ከባሕር ዛፉ በስተግራ» አልኩት።

«ይቀመጡ አባባ» አለኝ። ዓይኑን ከፊቱ አልነቀለም። «ቀበቶ።»

ሳልቀመጥ መሬት ነካን። ጎማው ሲያርፍ ደህና ነበር። ከዚያ ሣሩ በከረመው ዝናብ ጭቃ ሆኖ ኖሮ አውሮፕላኑ ተንሸራቶ ጭራውን ወደ ጎን ጣለ። የግራው ጎማ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ ገባ፤ አፍንጫው መሬት ላይ ተተከለ። ያን ጊዜ ጭንቅላቴ በቀኝ በኩል ከበሩ ብረት ጋር ተጋጨ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ፤ ሕመሙ ግን አልመጣም።

ካፒቴኑ ነዳጁን ዘጋ፣ ሁሉን አጠፋፋ፣ በሩን ከፈተ። ሦስታችንንም አውጥቶ ሜዳው ዳር አቆመን። ማንም አልሞተም፤ ማንም አልደማም። ሲስተር ትዕግሥት በዝናቡ ውስጥ ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ጭንቅላትዎን ተመትተዋል። አይቻለሁ።»

«እኔ? ኮፍያዬ ናት የወደቀችው።»

«ሆስፒታል እንሂድና ይዩዎት።»

«ልጄ፣ እኔ የወፍጮ ድንጋይ ወድቆብኝ የተነሣሁ ሰው ነኝ።»

ትንሽ አየችኝና «እሺ» አለች። «ግን ራስ ምታት ከጀመረዎት፣ ነገም ይሁን ከወር በኋላ፣ ሐኪም ጋ ይሂዱ። የዛሬውንም ይንገሯቸው።»

«እሺ» አልኳት። ሁለቱንም አላደረግኩም።

በሳምንቱ ታሪኩን ሶዶ ሁሉ ሰማው። ያሰማሁት እኔ ነኝ። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ፣ ገበያ ላይ፣ መለዋወጫ መደብር በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ተናገርኩ። ወሬ እንደ ሊጥ ነው፤ ባስቀመጥከው ቁጥር ይነፋል። መጀመሪያ «ሜዳውን አሳየሁት» ነበር ያልኩት። ቆይቶ «እኔ ባልመራው ኖሮ» ሆነ። ነሐሴ ሲገባ ሰዎች «አውሮፕላኑን ያሳረፈው አንጁሎ ነው፤ ልጁማ ገና ተማሪ ነው» ሲሉ ዝም ብዬ መስማት ጀመርኩ። ቀበቶዋን አንድም ቀን አላነሣኋትም። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ኮፍያዬን አውልቄ ጭንቅላቴን አዞርላቸውና «አንድ ጭረት አልነካኝም» እላለሁ።

ራስ ምታቱ የመጣው በነሐሴ አጋማሽ ነው። ጠዋት ስነሣ ይከብደኛል፤ ወደ ከሰዓት ቀለል ይላል። ብርድ ነው አልኩ። ነጭ ሽንኩርት በሚያቃጥል ዳጣ በላሁ፤ ላብ አወጣሁ። አልሄድ ሲለኝ ከመድኃኒት ቤት አስፒሪን ገዝቼ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መዋጥ ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንባቢ ይቁምልኝ። አስፒሪን ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ለሚያፈስ ሰው የሚንጠባጠብ ቧንቧ እንደ መክፈት ነው። ይህን የነገሩኝ በኋላ ነው።

ባለቤቴ አስቴር ጎትታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠዋት የተቀመጥን እስከ ምሳ ቆየን። ከጎኔ የተቀመጠች አንዲት ከጉኑኖ ከተማ የመጣች እናት ራሷ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት፣ እኔ ዓይኔን ስጨፍን አይታ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጭንቅላቴ ሥር አደረገችልኝ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኳትም። ደም ሰጠሁና «ታይፎይድም ታይፈስም አለብዎት» ተባልኩ። በእኛ አገር ራሱን ያመመው ሰው ሁለቱን ሳይዝ ከክሊኒክ አይወጣም። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ሆዴ ተበላሸ፤ ራሴ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ክሊኒክ «ግፊት ነው» አለኝ። ሦስተኛው ዓይኔን አይቶ መነጽር አዘዘልኝ። መነጽሩ አምሮብኛል፤ ዛሬም አደርገዋለሁ። ራስ ምታቱን ግን አልነካውም።

ቀጥሎ ግራ እጄ ሰነፈ። መፍቻ ቁልፍ ስይዝ ጣቶቼ እንደ ሌላ ሰው ጣት ሆኑብኝ፤ አዝዛቸዋለሁ፣ ዘግይተው ይሰማሉ። ወጌሻ ዘንድ ሄድኩ። «ጅማት ተዛብቷል» ብሎ ትከሻዬን በቅቤ ሲያሸኝ ሰነበተ። አስቴር ጸበልም ወሰደችኝ። ቄሱ አጠመቁኝና ሲጨርሱ «ጸበሉ ከሐኪም ቤት አያጣላችሁም፤ ትልቁን ሆስፒታል አሳዩት» አሏት። እኔ ግን የቄሱን ምክር ለሌላ በሽተኛ እንደተሰጠ ቆጠርኩት።

ፍትሐዊ ልሁን። ካዩኝ መካከል ሁለቱ ሐኪሞች «መውደቅ፣ መመታት ነበር?» ብለው በግልጽ ጠይቀውኛል። ወጌሻውም ጠይቋል። ለሁሉም «የለም» አልኩ። መዋሸቴ እንኳ አልታወቀኝም። ታሪኩን ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሣ፣ ያልነካኝ ሰው መሆኔን እኔም አምኜ ነበር።

ቤታችን ተበላሸ። ቀን እተኛለሁ። አስቴርን «ሃያ አራት ቁጥር ቁልፌን ደበቅሽው» ብዬ ተቆጣኋት፤ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። ነጠላ ጫማዬ ከግራ እግሬ ወልቆ ሳይታወቀኝ እስከ ጎረቤት ደረስኩ። ልጄ ምሕረት ቦምቤ መምህርት ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። አንድ ቅዳሜ ጓዳ ሆና ለእናቷ ስትነግራት ሰማሁ።

«እማዬ፣ አባባ አርጅቷል። መቀበል አለብን።»

«አላረጀም» አለች አስቴር። «ሰኔ ላይ ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የመታ ሰው በሁለት ወር አያረጅም።»

በሕይወቴ እንደዚያ የፈራሁበት ቀን የለም። አውሮፕላኑ ውስጥም አልፈራሁም። ሌላ ሰው ሲደክም ዲፕሎማው ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይቀርለታል። እኔ ዲፕሎማ የለኝም፤ የተማርኩት ሁሉ ያለው እዚችው ጭንቅላት ውስጥ ነው። እሷ ከሄደች አንጁሎ የሚባል ሰው እንደነበረ የሚያሳይ ወረቀት የለም። ይህን ፍርሃት ለማንም አልተናገርኩም፤ በማግስቱ ግን ደህና መሆኔን ለማሳየት የመሣሪያ ሳጥኔን ይዤ ጉኑኖ ሄድኩ።

አቶ ማዳ የሚባል የጥንት ደንበኛዬ ወፍጮው ይጮህበት ነበር።

«ሳሮ፣ ሰላም ነው ጋሽ አንጁሎ? ከስተዋል።»

«ወፍጮህን አሳየኝ፤ የኔን ሥጋ ተወው። ምን ገባበት?»

«ምንም።»

ቺንጋውን፣ ድንጋዩን የሚያዞረውን ጎማ፣ አወጣሁ። «ማዳ፣ ምን ገባበት?»

«ጋሽዬ፣ ያረጀ ድንጋይ ነው እኮ። በቆሎውም ዘንድሮ እርጥብ ነው።»

ድንጋዩን ለማንሣት ቁልፉን በግራ እጄ ያዝኩ። ወደቀ። አነሣሁት፤ እንደገና ወደቀ። ማዳ ሁለቱንም ጊዜ አየ። በቀኝ እጄ እንደምንም ፈትቼ ድንጋዩን ስናነሣው ከመሃሉ እስከ ጠርዙ ተሰንጥቋል። ስንጥቁ አዲስ አይደለም፤ ውስጡ ዱቄት ጠጥቶ ጠቁሯል።

«ለመጨረሻ ጊዜ ነው የምጠይቅህ።»

ማዳ ጭንቅላቱን አከከ። «ሰኔ ላይ አንዲት ቡሎን ከእህል ጋር ገብታ ነበር። ግን ያን ቀን ምንም አልሆነም። ደህና ሲፈጭ ዋለ፣ ሳምንቱንም ፈጨ። ስለዚህ መናገር አስፈላጊ አልመሰለኝም።»

ወረድኩበት። ድንጋይ በተመታበት ቀን አይሰነጠቅም፣ ውስጥ ውስጡን ነው የሚሄደው፣ ያን ቀን ብትነግረኝ በአንድ ቀለበት ብረት አስሬ አድነው ነበር፣ አንተ ግን ለአንዲት ቡሎን አፍረህ ወፍጮ ገደልክ፣ ብዬ ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ሰደብኩት። ማዳ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ስድቤን ጨርሼ ልወጣ ስል በግራ ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር ተላተምኩ። በሩ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ነው።

ማዳ ክንዴን ያዘኝ። «ጋሽ አንጁሎ፣ እርስዎስ ምን ገባብዎ?»

«ብርድ ነው» አልኩት።

ወደ ሶዶ ስመለስ መንገዱን ሁሉ ንግግሩ አልለቀቀኝም። «ያን ቀን ምንም አልሆነም።» አስቴር በር ላይ ስትቀበለኝ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። «ማዳ ውሸታም ነው» ብቻ ብዬ ገብቼ ተኛሁ።

በማግስቱ ሸሚዜን መቆለፍ አቃተኝ። አስቴር ቆለፈችልኝና ምሕረት ጋ ደወለች። ሁለቱ መሃል አድርገው ትልቁ ሆስፒታል ወሰዱኝ። ካርድ አወጣን፤ ወረፋ ያዝን። ተመላላሽ ክፍሉ ግጥም ብሏል። የሚያውቁኝ ሰዎች አልጠፉም። አንዱ እንደውም፣ እግሩን በጀሶ የታሰረ፣ «ጋሽ አንጁሎ፣ ዛሬ ደግሞ አምቡላንስ ሊያበሩ ነው?» አለኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ግራው ከንፈሬ ግን አብሮኝ እንዳልሳቀ ምሕረት አይታ ፊቷን አዞረች።

ያየችን ዶክተር ሶስና የምትባል ከጎንደር የተመደበች ወጣት ናት። ረጋ ያለች፣ ሰውን ስታይ የማትቸኩል። እጄን ዘርጋ አለችኝ፤ ሁለቱንም ዘረጋሁ፤ ግራው ቀስ እያለ ወረደ። አስሄደችኝ። ከዚያ ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ጠየቀችኝ።

«አባቴ፣ በነዚህ ሁለት ሦስት ወራት መውደቅ ወይም ጭንቅላት መመታት ነበር?»

«የለም።»

አስቴር፣ ምስኪን፣ ልታግዘኝ ብላ በኩራት ገባችበት። «እሱን ምን ይነካዋል ዶክተር? ሐምሌ ላይ ከአውሮፕላን አደጋ እንኳ አንድ ጭረት ሳይነካው ነው የወጣው።»

የዶክተሯ እስክርቢቶ ቆመ። «የምን አውሮፕላን?»

ታሪኩን ነገርኳት። የለመድኩትን፣ ዳሞታንና ባሕር ዛፉን፣ ካፒቴኑን እንዴት እንደመራሁት። ሳታቋርጠኝ አዳመጠች። ስጨርስ «ጭንቅላትዎ አልተመታም?» አለች።

«ትንሽ ተንቀጠቀጥን እንጂ። ደግሞ ኮፍያ አድርጌ ነበር። እኔ ስንት ነገር የወደቀብኝ ሰው ነኝ።»

ይህን ስናገር የራሴን ድምፅ ሰማሁት። የእርጥብ በቆሎ ሰበብ ነበር፤ የማዳ ሰበብ። ሁለተኛው መልስ። እኔ ማዳን እንዳላመንኩት ዶክተሯም አላመነችኝም፤ እስክርቢቶዋን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አስቴር በወላይትኛ፣ ሐኪሟ እንዳትሰማ፣ «የምሕረት አባት፣ የምትደብቀው ካለ ተናገር፤ እኔ መበለት ከምሆን አንተ ብታፍር ይሻላል» አለችኝ።

«አባቴ፣» አለች ዶክተሯ ለሦስተኛ ጊዜ፣ «አውሮፕላኑ ሲያርፍ ቀበቶ አስረው ነበር?»

«አልነበረም» አልኩ። «ፈትቼ ቆሜ ነበር። በቀኝ በኩል፣ እዚህ ጋ፣ የበሩ ብረት መታኝ። ነርሷ ሐኪም ጋ ሂድ ብላኝ ነበር።»

ምሕረት እጄን ያዘች፤ የግራውን። ዶክተሯ አልተቆጣችም፤ እኔ በማዳ ላይ የወረድኩትን ያህል ትወርድብኛለች ብዬ ነበር። «ጥሩ አደረጉ» ብላ ወረቀት ጻፈችና በዚያው ሰዓት ለሲቲ ስካን ላከችኝ። ሲቲ ስካን ማለት ጭንቅላትን ሳይከፍቱ ውስጡን በሥዕል የሚያሳይ ማሽን ነው። ሰው እንደ ዳቦ ወደ ምድጃ ይገባበታል።

ሥዕሉን አሳየችን። በአንጎሌና በራስ ቅሌ መሃል፣ በቀኝ በኩል፣ እንደ ጨረቃ ግማሽ የታጠፈ ነገር ተኝቷል። «ይህ ደም ነው» አለች። «ሰው ዕድሜው ሲገፋ አንጎል ትንሽ ይቀንሳል፤ ክፍተት ይፈጠራል። በክፍተቱ የሚያልፉት ቀጫጭን ሥሮች በምት ይበጠሳሉ። ደሙ ጠብ ጠብ እያለ በሳምንታት ነው የሚጠራቀመው። ለዚህ ነው ያን ቀን ምንም ያልተሰማዎት።» የቀኙ አንጎል የግራውን እጅ ስለሚያዝዝ ነው እጄ የሰነፈው።

«ይድናል?» አለች ምሕረት።

«ከወጣለት፣ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ጥቂት ቀን ቢቆይ ግን ራሱን ስቶ ነበር የምታመጡት።»

ቀዶ ሕክምናው የተያዘው ለማግስቱ ነው። ለወጪው ምሕረትና አስቴር ተሯሯጡ፤ እኔ አልጠየቅኩም፣ እነሱም አልነገሩኝም። ጠዋት፣ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቼ፣ ዝናብ የኮሪደሩን ቆርቆሮ ሲደበድብ ቀዶ ሐኪሙ መጣ። ደንግጬ ነበር፤ ስደነግጥ ደግሞ ስለ መሣሪያ አወራለሁ።

«ቀዳዳው ስንት ሚሊሜትር ነው?»

«አሥራ አራት ገደማ። ሁለት ቦታ።»

«በምን ዓይነት ትራፓኖ?»

«በእጅ የሚዞር ነው ጋሽ አንጁሎ።»

«ጥሩ ነው» አልኩት። «የኤሌክትሪክ ይቸኩላል። እጅ ግን ብረቱ ሊያልፍ ሲል ይሰማዋል።»

ሰውየው ጭምብሉን ከአፉ አወረደ። «ሃያ ሐኪም ከሚነግረኝ እርስዎ የነገሩኝ በለጠ» አለ። ሊያጽናናኝ ያለው ይሁን የእውነቱን፣ እኔ የእውነቱን ነው ብዬ ይዤዋለሁ።

በኋላ የወጣውን ነገሩኝ፤ ቀይ ደም አልነበረም። ጥቁር፣ ቀጭን፣ ልክ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የሚመስል። ዕድሜዬን ሙሉ ከሰው ሞተር ሳወጣው የኖርኩትን ነገር ሰው ከእኔ አወጣው።

ስነቃ መጀመሪያ ያደረግኩት የግራ ጣቶቼን መቁጠር ነው። አውራ ጣቴን ከትንሿ ጣቴ አገናኘሁ። ደረሰ። አንዲት ነርስ ጎንበስ ብላ ስሜን፣ የት እንዳለሁ፣ ወሩን ጠየቀችኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ እኔው ለራሴ ፈተና ሰጠሁ።

«አንድ፣ ሦስት፣ አራት፣ ሁለት» አልኩ።

ነርሷ ፊቷ ተለወጠ። «ግራ ገብቷቸዋል፤ ሐኪም ልጥራ» አለች።

አስቴር ማልቀስ ጀመረች፤ እየሳቀችም ነበር። «ተይው እህቴ። የአራት ሲሊንደር ሞተር የሚተኮስበት ተራ ነው። ድኗል።»

በተኛሁበት ብዙ ሰው ጠየቀኝ። ከሁሉ የማልረሳው ግን ካፒቴን ሳሙኤል ብርቱካን ይዞ መምጣቱን ነው። ከበሩ ገብቶ ቆመ፤ ጭንቅላቴ ላይ ያለውን ፋሻ አየ። እኔ ጀመርኩ።

«ካፒቴን፣ ከተማው ውስጥ ስምህን አጥፍቻለሁ። ያሳረፍኩት እኔ ነኝ ብያለሁ።»

«ሰምቻለሁ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

ብርቱካኑን ኮመዲኖው ላይ ደረደረ። «አራታችንም በእግራችን ወጥተናል። ከዚያ ሌላ የምለው አልነበረኝም።»

አንዱን ብርቱካን ልጬ ግማሹን ሰጠሁት።

ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ ቤቴ ነበርኩ። ሐኪም ለጥቂት ሳምንታት ከባድ አታንሣ፣ አስፒሪን የሚባል አትንካ፣ ራስ ምታት ከተመለሰ ሳትውል ሳታድር ና ብሎኝ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የተባልኩትን ሁሉ አደረግኩ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ድጋሚ ታየሁ፤ ደሙ ጠፍቷል። በማግስቱ ሳጥኔን ይዤ ጉኑኖ፣ ማዳ ጋ ሄድኩ። አዲስ ድንጋይ ገዝቶ እኔን ሲጠብቅ ነበር፤ ሌላ ባለሙያ አላስነካም። ገጠምኩት። ሃያ አራት ቁጥር ቁልፌን በግራ እጄ ይዤ አጠበቅኩት። ሲነሣ ድምፁ እንደ ንብ ሆነ። ማዳን ይቅርታ አልጠየቅኩትም፤ ሰው ፊት ሰድቤው ነበርና ሰው ፊት «ይህ ሰው እውነቱን በመናገሩ ነው እኔ የተረፍኩት» አልኩ። ከይቅርታ ይበልጣል።

ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀበቶውን ስቤ ልሰካ ስል አልያዝ አለኝ።

«አባባ፣ ይተዉት» አለ ሾፌሩ። «ለሶዶ መንገድ ቀበቶ አያስፈልግም።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም። ሲገዛም እንዲህ ነበር።»

«ምን ሆኖ ነው?»

«ኧረ ሰው አይጠቀምበትም ብዬ ነው።»

አየሁት፤ ሦስተኛውን መጠየቅ አላስፈለገኝም። «እሺ፣ አንዴ ልጄ የቆሎ ፍሬ ከተተችበት» አለ።

ሳጥኔን ጭኔ ላይ ከፈትኩ። ከኋላ ያሉት አጉረመረሙ፤ ገበያ ሊያመልጣቸው ነው። አንዲት ሴትዮ አወቀችኝ። «ተዉት፣ ጋሽ አንጁሎ ናቸው፤ አውሮፕላን ያሳረፉት» አለች።

«ያሳረፈው ካፒቴን ሳሙኤል ነው» አልኳት ሳልዞር። «እኔ ቀበቶ ፈትቶ የቆመው ነኝ። ጭንቅላቴን ተመትቼ ሁለት ወር ደብቄ ነበር፤ ልሞት ስል ተናገርኩ። ራሱን የሚያመው ሰው እዚህ ካለና የተመታበት ቀን ካለው፣ ሶዶ ስንደርስ ቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።»

ማጉረምረሙ ቆመ። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር «በየት በኩል ነው የቀደዱህ?» አለኝ። ኮፍያዬን አውልቄ አዞርኩለት። ጣቱን ልኮ ሁለቱንም ጎድጓዳ ዳሰሰና ለጎረቤቱ «እውነት ነው» አለው።

የማያያዣውን ሽፋን ከፈትኩ። ውስጡ ያለችው ሞላ ከስንዴ ፍሬ አትበልጥም። በቀኝ እጄ ቆሎውን በመርፌ አወጣሁ፤ ሞላዋን በግራ እጄ ሁለት ጣቶች ያዝኳት። አልተንቀጠቀጠችም። ሾፌሩ ሞተሩን እንኳ ሳያስነሣ ያየኝ ነበር። መለስኳት፣ ሽፋኑን ገጠምኩ፣ ቀበቶውን በደረቴ ላይ ስቤ ሰካሁት።

ቀጭ አለ።

«በል አሁን ንዳ» አልኩት።